ጉማሬው የማን ነበር

የታሰርሁበት ክፍል ከመወረሱ በፊት የአንድ ነጋዴ የኑግ መጋዘን ነበር። ወለሉ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል፤ በባዶ እግር ሲረግጡት ይይዛል፣ ሲተኙበት ልብስ ላይ ይቀራል። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር ለአየር ተብሎ የተተወ ክፍተት ብቻ ነበረው። መጋዘኑ ከጣና ዳር ብዙም ስለማይርቅ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ውሃው ላይ ስትወድቅ ብርሃኑ በዚያ ክፍተት ገብቶ ቆርቆሮው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ሰላምታ እንኳ ሳልለዋወጥ፣ ቀና ብዬ ያንን ሳይ ዋልሁ።

የያዙኝ ከመሥሪያ ቤቴ ነው። ታይፒስት ነበርሁ። ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው «ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ፣ ነጠላሽን ያዢ» አሉኝ። የጀመርሁትን ወረቀት ከጽሕፈት መኪናው ላውጣ ስል አለቃዬ «ተይው፣ እኛ እንጨርሰዋለን» አለ። ዓይኑን ከጠረጴዛው አላነሣም። እሱንም አልረሳሁትም።

ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ብዬ ኖሬ አሁን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ክረምት አንድ ለቅሶ ቤት ሄጄ ድንኳን ውስጥ ተቀምጫለሁ። ከወንዶቹ ወገን፣ ከፊት ረድፍ፣ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ አጠገቡ ላለው ሰው ያወራል። ጆሮዬ ደከም ቢልም ያንን ድምፅ አይስትም። «የእሷን አባት ያተረፍሁት እኔ ነኝ» ይላል፣ በአገጩ ወደ እኔ እየጠቆመ። የሚሰማው ሰውም ለውለታው ምን እንደከፈልሁ ለማወቅ በሚመስል ዓይን ዞሮ አየኝ። ድንኳኑ የሟቹ ነውና ምንም አልተናገርሁም። ያ ሽማግሌ ያን ጊዜ መርማሪዬ ነበር።

የማንንም ስም አልጽፍም። የሚመለከተው ራሱን ያውቃል፤ የማይመለከተው ሰው ስም ምን ያደርግለታል። ስለ ድብደባም አልጽፍም። እሱ የእኔ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ሴቶች የቀረብኋቸው አንዲት የወረታ ነጋዴ ነበሩ። ሙስሊም ናቸው። ዕድሜያቸው ከእናቴ ይበልጣል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ዘይት ደብቀዋል ተብለው ነው የተያዙት። «ደበቅሽ ያሉኝን ዘይት ፈልገው ቢያጡ ኑግ ላይ አስተኙኝ» ይሉ ነበር። «ጉልበቴ የወንዛዬን ፍል ውሃ ይጠይቀኛል፣ እነሱ ዘይት ይጠይቁኛል፤ ለየትኛው ልመልስ?» ዘበኞቹ ሳይቀሩ ይስቁ ነበር። እሳቸው ሲሰግዱ እኛ ክርስቲያኖቹ ወደ አንድ ጥግ ተሰብስበን ቦታ እንለቅላቸዋለን፤ እኛ ስንጸልይ እሳቸው ወሬያቸውን ያቆማሉ። ከዚህ ሌላ ስለ ሃይማኖት የተነጋገርነው ነገር የለም።

ምግብ ከየቤታችን ይመጣል፤ ካመጣው ሰው ጋር ግን አያገናኙንም። እናቴ የምትልክልኝ ሳህን ከጊዜ በኋላ ግማሽ ብቻ ሆኖ ይመጣ ጀመር። ቤት ቸግሯቸዋል ብዬ አሰብሁ፤ ወይም ዘበኞቹ ይበሉታል። የወረታዋ ሴት ከእሳቸው ዳቦ እየቆረሱ ይጨምሩልኝ ነበር።

ለምን እንደታሰርሁ ሲጠይቁኝ አላውቅም አልኋቸው። ሙሉ በሙሉ እውነት አልነበረም። በአባቴ ምክንያት እንደሆነ ጠርጥሬ ነበር።

አባቴ በወጣትነቱ ኮርያ ዘምቷል፤ ንጉሡ ወደዚያ አገር ጦርነት ወታደር በላኩ ጊዜ። ሲመለስ ሠራዊቱን ትቶ ባሕር ዳር ፋብሪካ በጥበቃ ተቀጠረ። በእኛ ቤት የኮርያ ስም አይነሣም ነበር። እንግዳ ካነሣው አባቴ ከብቶቹን ለማየት ይወጣል፤ ከብቶቹ ከተሸጡ በኋላም ይወጣ ነበር። መንግሥት ተለውጦ አገሪቱ ሶሻሊስት ነኝ ስትል ኮርያ መዝመት ራሱ ጥፋት ሆነ። ያኔ ኮሚኒስት የወጋ ሰው ዛሬም ጠላት ነው ተባለ። የዘመቱት ሰዎች ሜዳሊያቸውን ጓሮ ቀበሩ፣ ፎቶግራፋቸውን አቃጠሉ። አባቴ የሚቀብረው አልነበረውም። ግድግዳችን ላይ የተሰቀለ ነገር ኖሮ አያውቅም።

አንድ ጠዋት ጠሩኝ። ምርመራው የሚካሄደው በነጋዴው ሳሎን ነበር፤ ወንበሮቹ ላይ ሚስትየው የጠለፈችው ዳንቴል ገና አልተነሣም። መርማሪው ማን እንደሆነ ሳይ ደነገጥሁ፣ ትንሽም ተስፋ አደረግሁ። የአባቴ የኮርያ ጓደኛ ታናሽ ወንድም ነው። ቤታችን እንጀራ በልቷል። አባቴን ጋሼ ብሎ ነው የሚጠራው። ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ። ስለ ፖለቲካ አንድም ነገር አልጠየቀኝም።

«ጉማሬውን ታስታውሺዋለሽ?» አለኝ።

ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሳለሁ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ በሐይቁ ዳር ባለ መንደር አንድ ጉማሬ ከውሃ እየወጣ በቆሎ ይጨርስ ነበር። ገበሬዎቹ ጠመንጃ ያላቸውን ሰዎች ለመኑ፤ አባቴና ያ የኮርያ ጓደኛው እሺ አሉ። አባቴ ታላቅ ወንድሜን ይዞ ሊሄድ ተዘጋጅቶ ሳለ ወንድሜን ወባ ጣለው። እኔ ልሂድ ብዬ አለቀስሁ። እናቴ ሴት ልጅ አደን ምን ትሠራለች ብላ ተቆጣች። አባቴ «ስንቅ ትያዝልኝ» አለ፤ ነገሩ በዚያ አለቀ።

እናቴ የቋጠረችልኝ ዳቦና ቆሎ ነበር። ከሥሩ ግን በቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ አለ። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። በእኛ አገር ትልቅ አውሬ የጣለ ሰው አናቱን ቅቤ ይቀባል፣ ሴቶች እልል ይሉለታል፣ ከዚያ ተነሥቶ ይፎክራል። እናቴ የባሏን አናት አስቀድማ አስባለች።

አባቴ ምንሽሩን ይዟል፣ ጓደኛው ቤልጅጉን። ታናሽ ወንድምየው፣ የኋላው መርማሪዬ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ለእረፍት መጥቶ ነበርና ለማየት ብቻ አብሮን ሄደ። ሰማዩ ሲነጋጋ ደንገሉ ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። ጭቃው ይቀዘቅዛል። ጉማሬው በቆሎውን ጠግቦ ወደ ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የሰማሁት ትንፋሹን ነው፤ እንደ አንጥረኛ ወናፍ። አባቴ ከፊቴ ተንበርክኮ ነበር። ተኮሰ። ጉማሬው አንገቱ ሥር ሲመታ አየሁ፣ ደሙም ውሃውን ሲያቀላው አየሁ። ጓደኛው የተኮሰው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬም መስቀል አምጡና አስምሉኝ። ጉማሬው ጠለቀ።

የተመታ ጉማሬ መጀመሪያ ይሰጥማል፤ ሬሳው የሚንሳፈፈው ቆይቶ ነው። እስኪወጣ ዳር ላይ መጠበቅ ነው። የመንደሩ ሰው ለቆዳው ሲል ገመድና ቢላዋ ይዞ መጣ። ሁሉም ወደ ውሃው እያየ ይጫወታል፣ በየት በኩል እንደሚወጣ ይወራረዳል። አባቴ ብቻ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ተቀመጠ። አባባ አያዩም ወይ ስለው «ሲወጣ ትነግሪኛለሽ» አለኝ። ከስንቁም አልቀመሰም።

ወደ ቀትር ሬሳው በጎኑ ተንሳፈፈ። ጓደኛው ዘሎ ተነሣና የእኔ ነው አለ። የአደን ሕጉ የታወቀ ነው። ግዳዩ የመጀመሪያውን ደም ላፈሰሰው ነው፤ ሌላው በኋላ ቢጨርሰው እንኳ ረዳት ይባላል እንጂ ገዳይ አይባልም። የመንደሩ ዳኛ፣ ጭቃ ሹሙ፣ ተጠሩ። ሽማግሌ ናቸው። ጠመንጃ ያልያዘ ማን ነበር ብለው ጠየቁ። እኔና ወንድምየው ነበርን። ወንድም ለወንድሙ ያዳላል ብለው ይሁን ሕፃን አይዋሽም ብለው፣ እኔን አስቀደሙኝ።

አይቻለሁ አልሁ። መጀመሪያ የተኮሰው አባቴ ነው፤ ውሃው የቀላውም ያኔ ነው።

ጭቃ ሹሙ ወደ አባቴ ዞሩ። አባቴ ወደ እኔ ሳያይ መለሰላቸው።

«ልጅ ናት። ፀሐይ ዓይኗ ላይ ነበረች። አላየችም።»

ስለዚህ ግዳዩ ለጓደኛው ተፈረደ። ሌላ ቅቤ ስላልነበረ የእኛን ቅቤ ጠየቁን። ከእጄ ተቀብሎ የወንድሙን አናት የቀባው ታናሽ ወንድምየው ነው። ጓደኛው ቤልጅጉን ከፍ አድርጎ ዘራፍ አለ። ከጉማሬው ጀመረ፤ ወደ ድኩላው፣ ወደ ነብሩ እያለ ወደ ኋላ ሄደና ኮርያ ደረሰ። በበረዶ ተራራ ላይ ስለጣላቸው ቻይናዎች ፎከረ። ሕዝቡ ኮርያ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አያውቅም፤ ደስ ብሎት አጨበጨበ። ቅቤው በፀሐዩ ቀልጦ አንገቱ ላይ ሲወርድ እኔ ባዶውን ቅጠል ይዤ ቆሜ ነበር።

አባቴን ለመውቀስ የሚበቃ ዕድሜ አልነበረኝም፣ ለመቀየም ግን በቅቻለሁ። ወሬው ከተማ ደረሰና የሰፈር ልጆች የጉማሬ ምስክር የሚል ስም አወጡልኝ። አንድ ነገር አየሁ ባልሁ ቁጥር «ፀሐይ የት ነበረች?» ይሉኝ ነበር። ለምን እንዲህ እንዳደረገ አባቴን አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም። አድጌ፣ ሥራ ይዤ፣ ደመወዜን ለእናቴ እየሰጠሁም በሕዝብ ፊት ውሸታም ያደረገኝ አባት እንዳለኝ አልረሳሁም። እየቆየ ግን የሐይቁ ዳር ሰው ራሱ ነገሩን ለወጠው። የአባቴን ተኩስ ስለሚያውቁ፣ ስለሚወዱትም፣ ጉማሬው የእሱ ነበር እኮ ይሉ ጀመር። ለእኔ ግን ይቅርታ ብሎ የመጣ ሰው የለም።

መርማሪው ይህን ሁሉ ያውቃል። የሻዩን ብርጭቆ ወደ እኔ ገፋ አደረገና ድምፁን አለሰለሰ።

«ያን ቀን እውነቱን የተናገርሽው አንቺ ብቻ ነሽ» አለ። «እኔም አይቻለሁ። ወንድሜ የተኮሰው በኋላ ነው። አንቺ በልጅነትሽ ተበድለሻል።»

ከልጅነቴ ጀምሮ ከአንድ ሰው አፍ ልሰማው የምፈልገው ቃል ይህ ነበር። እንባዬ መጣ። ያን እንባ ያየው እሱ መሆኑ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በማግሥቱ ከደብረ ማርቆስ አንድ ጓድ እንደሚመጣ ነገረኝ። በቀበሌው አዳራሽ በሕዝብ ፊት አንድ ትንሽ ነገር ይጠይቅሻል፣ ጉማሬውን የገደለው ማን ነው ይልሻል፣ ያየሽውን ትመልሻለሽ አለኝ። የአባትሽም ክብር ይመለሳል፣ አንቺም ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ አለ። እሺ አልሁት። ሻዩንም ጠጣሁት።

ወደ መጋዘኑ ስመለስ የሐይቁ ብርሃን ጣሪያው ላይ ደርሶ ነበር። ደስ ብሎኛል። ለወረታዋ ሴት ከአደኑ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኋቸው። ጉልበታቸውን እያሹ ሰሙኝ።

«እና ሰውየው ከደብረ ማርቆስ ድረስ የሚመጣው ለጉማሬ ነው?» አሉ። «ጉማሬው ዘመድ ነበረው እንዴ?»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«እስቲ ንገሪኝ ልጄ፤ እኔ የነጋዴ ልጅ ነኝ፣ አደን አላውቅም። ግዳዩ የእኔ ነው ያለ ሰው ከዚያ ምን ያደርጋል?»

«ቅቤ ይቀባል።»

«ከዚያስ?»

«ይፎክራል።»

«ምን ብሎ?»

ቀና ብዬ ጣሪያው ላይ የሚንቀጠቀጠውን ብርሃን አየሁ።

ገዳይ ሲፎክር ያንን አንድ አውሬ ብቻ ጠርቶ አይቀመጥም። ከዚያ በፊት የጣለውን ሁሉ፣ አውሬም ይሁን ሰው፣ ይጠራል። በጉማሬው ግዳይ ላይ አንድ ሰው ቻይና ገደልሁ ብሎ መፎከሩን የሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ ያስታውሳል። የደብረ ማርቆሱ ካድሬም ሰምቷል። ያልሰማው የፎካሪውን ማንነት ነው። እሱን ለማወቅ ደግሞ ጉማሬው የማን እንደነበር ማወቅ ይበቃል፤ ፉከራው የባለ ግዳዩ ነውና። እኔ የአባቴ ነው ካልሁ፣ ፉከራው የአባቴ ይሆናል። መርማሪው ወንድሙን ከገመዱ አውጥቶ አባቴን ሊያስገባበት ነው፤ ገመዱን የሚያስርለት ደግሞ የእኔ እውነት ነው። አባቴን እንወዳለን ብለው ጉማሬውን ለእሱ የመለሱለት ሰዎችም ሳያውቁት አግዘውታል።

ይህን ለወረታዋ ሴት ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወላሂ፣ በአንድ ብርጭቆ ሻይ አባትሽን ሊገዛሽ ነበር» አሉ። «ስኳር እንኳ ነበረው?»

«ነበረው።»

«እንግዲያው ከእኔ ሱቅ የወሰዱት ነው።»

ሌላው ነገር ቀስ ብሎ መጣ፤ እሳቸው ለመስገድ ተነሥተው እኔ ጥግ ይዤ ሳለሁ። አባቴ ያን ቀን ግዳዩን ቢቀበል ኖሮ ቅቤው ከአናቱ እየወረደ፣ ሕዝብ ከብቦት፣ መነሣት ነበረበት። ከጉማሬው ጀምሮ ወደ ኋላ መሄድ ነበረበት። ኮርያ ሲደርስ ሰው ዝም ብሎ ይጠብቀው ነበር። ለጓደኛው የሰጠው ይህን ነው። አፉን በዚያ ነገር ላይ ላለመክፈት ያን ጊዜ በእጁ የነበረውን ሰጠ፤ በእጁ የነበርሁት እኔ ነበርሁ። ነገሩ ስለገባኝ ቂሜ ወዲያው አልጠፋም። ግን ያን ያህል ዘመን የተቆጣሁት ሰው ያ እንዳልነበረ አወቅሁ።

በማግሥቱ ጠዋት አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ሰው እንዲመጣ ታዟል። መድረኩ ላይ መርማሪው ከካድሬው ጎን ተቀምጧል። ካድሬው ወጣት ነው፣ መንገድ ያደከመው ይመስላል። ቅቤ የተቀባው የአባቴ ጓደኛ ያን ጊዜ የቀበሌው ሱቅ ኃላፊ ነበር። ከፊት ወንበር ተቀምጦ ቆቡን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክራል። እኔን መሐል ላይ አቆሙኝ። ከዚያ በጎን በር አባቴን አስገቡት።

መታሰሩን አላውቅም ነበር። የሳህኑ ግማሽ የት እንደሚሄድ ያኔ ገባኝ።

እጁ ወደ ኋላ ታስሯል። ጋቢው ከትከሻው ወርዶ ወገቡ ላይ ተጠምጥሟል፤ ሲያስሩት ወርዶ ይሁን ሆን ብለው አውርደውት አላውቅም። በእኛ አገር ሰው ጋቢውን ወገቡ ላይ የሚያደርገው ለጌታ ሲያደገድግ ነው። አባቴ ለማንም ሲያደገድግ አይቼ አላውቅም።

ካድሬው ብዙ አልተናገረም። በሐይቁ ዳር የወደቀውን ጉማሬ የገደለው ማን እንደሆነ እንድናገር ጠየቀኝ።

«ቅቤ የተቀባው ሰው ነዋ» አልሁ።

ጉርምርምታ ተሰማ። መርማሪው ከወንበሩ ቀና አለ። በልጅነቴ የመሰከርሁት ሌላ እንደነበር ለካድሬው ነገረውና ወደ እኔ ዞረ።

«ጭቃ ሹሙ ፊት አባቴ ነው ብለሻል። ዋሽተሽ ነበር?»

አባቴ እየሰማ ነው። ከጉማሬው ቀን ጀምሮ አንድም ሰው ባይቀበለኝ ለራሴ ይዤው የኖርሁት ነገር ያ ምስክርነት ብቻ ነበር።

«ሽማግሌው ሰምተው ፈርደዋል» አልሁ። «ከእሳቸው ፍርድ በላይ የማውቀው የለኝም።»

ካድሬው ትዕግሥቱ ያለቀ ይመስላል። «ታዲያ ቅቤ የተቀባው ማን ነው?» አለ።

«ጓድ መርማሪውን ይጠይቋቸው። ቅቤውን ከእጄ ወስደው የቀቡት እሳቸው ናቸው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን ሳል አስመሰለው። የአባቴ ጓደኛ ቆቡን ማሽከርከር አቆመ። ካድሬው ወደ መርማሪው ዞሮ ጠበቀ። መርማሪው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ግማሹ በዓይኑ ያየውን ነገር፣ የተቀባው የእኔ አባት ነው ቢል ሐሰቱን የሚያውቅ ሞልቷል፤ እውነቱን ቢናገር ወንድሙ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ።

«ብዙ ጊዜ ሆኖታል ጓድ» አለ። «ማን እንደተቀባ አላስታውስም። ፉከራው ራሱ የጠላ ወሬ ነው።»

ዛሬ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ አተረፍሁት የሚለው ይህን ነው። አባቴ ከዚያ አዳራሽ በሕይወት የወጣው በዚህ ቃል መሆኑን አልክድም። ቃሉ ለማን ተብሎ እንደተነገረ ግን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። አላስታውስም ባይል ኖሮ ወንድሙን በስሙ እጠራው ነበር። ይህንንም አልደብቅም።

ካድሬው ሰዓቱን አየ። ለጉማሬ ብሎ ይህን ሁሉ መንገድ መምጣቱን በምሬት ተናግሮ፣ ለጊዜው ሁላችንንም ወደየነበርንበት እንዲመልሱን አዘዘ።

አባቴን በጎን በር ሊያወጡት ሲሉ ወደ እሱ ሄድሁ። ማንም አልፈቀደልኝም። አንዱ ዘበኛ ወዴት ነው ብሎ አፈሙዙን ጎኔ ላይ አደረገ።

«ጋቢው ወርዷል» አልሁት።

ከወገቡ ፈታሁት። አቧራውን አራገፍሁ። ትከሻው ላይ አደረግሁለትና ጫፉን እንደሚወደው በግራ ትከሻው ወደ ኋላ መለስሁለት። አልተቻኮልሁም። ዘበኛው አፈሙዙን ጎኔ ላይ እንዳደረገ ቆሞ ጠበቀ። አባቴ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ አየኝ። በሰው ፊት ምን እንደጣልሁ ሰምቷል። ጋቢው ትከሻው ላይ እንዳለ ወሰዱት።

የወረታዋ ሴት ከእኔ ቀድመው ተፈቱ። ሲወጡ ነጠላ ጫማቸውን ለእኔ ትተው በባዶ እግራቸው ሄዱ፤ ወለሉን ያውቁታል። ወንዛዬ ይድረሱ አይድረሱ አልሰማሁም። አንድ ቀን ወረታ ወርጄ እጠይቃለሁ እያልሁ ዘመኑ አለፈ።

አባቴ ከተፈታ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። ጓደኛው ቤታችን መምጣቱን አላቋረጠም። ሁለቱ በረንዳ ላይ ገበጣ ይጫወታሉ፤ እኔ ሻይ አቅርቤ ወደ ጓዳ እገባለሁ። አባቴ እንዴት ከዚያ ሰው ጋር ለመቀመጥ እንደቻለ አልገባኝም። ምናልባት ኮርያን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌለ ይሆናል። እኔም «ያን ጊዜ ለምን እንዳደረጉት ገብቶኛል» ብዬ ልነግረው በየዓመት በዓሉ አስባለሁ፤ ወይ እንግዳ ይመጣል፣ ወይ እሱ ይተኛል፣ ወይ እኔ ራሴ እተወዋለሁ። የእኛ ቤት ሰው እንዲህ ነው።

በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ከሰዓት በኋላ ወንበር አወጣለትና ፊቱን ወደ ሐይቁ አድርጎ ይቀመጥ ነበር። አንድ ቀን እኔ ልብስ እያሰጣሁ ሳለ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ተናገረ።

«በዚያ አገር ሐይቁ ይጠነክራል። ሰው ይራመድበታል።»

የቱ አገር እንደሆነ አልጠየቅሁም። እናንተም ተራመዳችሁበት ወይ አልሁት። አዎ አለ።

«ከበረዶው ሥር ይታዩ ነበር» አለ።

የያዝሁትን እርጥብ አንሶላ እንደያዝሁ ቆምሁ። ይቀጥላል ብዬ ጠበቅሁ። ውሃው እግሬ ላይ ይንጠባጠባል። እሱ ንፋሱ በረደ፣ ወንበሩን አስገቢልኝ አለ። አስገባሁለት። በዚያው ዓመት ዐረፈ።

ሽማግሌው ድንኳን ውስጥ ሲያወራ የሚያናድደኝ ውሸቱ ብቻ አይመስለኝም። እሱ ስለ አባቴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያወራው ታሪክ አለው። እኔ ልጁ ያለኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱም ጎዶሎ። አሁን ሰፈራችን ወደ ዳር ዳር ብዙ ተሠርቶበታል፤ ከበረንዳዬ የሚታየው የጣና ቁራጭ ጠባብ ነው። ውሃው ረግቶ በሚውልበት ቀን ወንበሬን አወጣና አየዋለሁ። አንዳንዴ ድምፄን አውጥቼ «እነማን ነበሩ፣ አባባ?» እላለሁ። ጎረቤቶቼ ይሰማሉ፤ ከማን ጋር እንደማወራ ግን አይጠይቁኝም።